የሚነበብ ሳንቲም፣ የሚንጠለጠል ሳንቲም
ስለ ቻይና ጥንታዊ ሳንቲምና ስለ ፌንግ ሹይ የቀረበ ሂስ

በሰው እጅ የተሠራ ማንኛውም ዕቃ ሁለት ሕይወት አለው። አንደኛው የተሠራበት ዓላማና ያገለገለበት ሥራ ነው። ሁለተኛው ያ ሥራ ካበቃ በኋላ ሰዎች እንደ ፍርሃታቸውና እንደ ተስፋቸው የሚሰጡት ትርጉም ነው። የባህል ሂስ ተግባር እነዚህን ሁለት ሕይወቶች ለይቶ መመርመር፣ ሁለተኛው አንደኛውን ሲጋርደውም መጋረጃውን መግለጥ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ መሀሉ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ካለው ክብ የቻይና ሳንቲም የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

ይህ ሳንቲም ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ በገበሬው፣ በእጅ ባለሙያውና በነጋዴው መካከል ሲመላለስ ኖሮ በሃያኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ከገበያ ወጥቷል። ዛሬ ግን በቀይ ክር ታስሮ በቻይና ከተሞችም ሆነ በሌሎች አገሮች መደብሮች ይሸጣል። ገዢው ሦስቱን ወይም አምስቱን ሳንቲም ከበሩ ጀርባ ይሰቅላል፣ ከደጃፉ ምንጣፍ ሥር ያኖራል፣ በገንዘብ ቦርሳው ውስጥ ይከታል፣ ወይም ከሱቁ የገንዘብ ሣጥን ላይ ያስራል። ይህን እንዲያደርግ የሚያዝዘው ፌንግ ሹይ የተባለው የቤትና የመቃብር አቀማመጥ ትምህርት ሲሆን፣ የቃሉ ትርጉም «ነፋስና ውሃ» ነው። በዚህ ትምህርት መሠረት ቺ የተባለ የሕይወት እስትንፋስ በምድርና በመኖሪያ ቤት ሁሉ ይፈስሳል፤ በተገቢው ቦታ የተቀመጠ ሳንቲምም መልካሙን እስትንፋስ ወደ ቤት ይጠራል፣ ክፉውን ይመልሳል፣ ሀብትን ያስገባል ተብሎ ይታመናል።

ሳንቲሙ ራሱ ግን የሚናገረው ሌላ ነው። በፊቱ ላይ አራት የቻይና ፊደላት ይገኛሉ። በቺንግ ሥርወ መንግሥት ሳንቲሞች ላይ ሁለቱ፣ ከላይና ከታች፣ የንጉሠ ነገሥቱን የዘመን ስም ይይዛሉ፤ ሁለቱ፣ በቀኝና በግራ፣ «ቶንግባኦ» የሚለውን ቃል ይይዛሉ። ቶንግ ማለፍና መዘዋወር፣ ባኦ ደግሞ ውድ ሀብት ማለት ነው። እንግዲህ ሳንቲሙ ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት «የሚዘዋወር ሀብት» የሚል ነው። ከበር ጀርባ የተሰቀለ ሳንቲም ግን አይዘዋወርም። እህል አይገዛም፣ ዕዳ አይከፍልም፣ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም። የገድ ሳንቲም በፊቱ ላይ የተጻፈውን በአቀማመጡ የሚክድ ዕቃ ሆነ ማለት ነው። ሳንቲሙን የሰቀለው ሰው ሳንቲሙን አላነበበም። ሂሱ የሚነሣውም ከዚሁ ነጥብ ነው።

የፌንግ ሹይ ሊቃውንት የሳንቲሙን ቅርጽ ሲተነትኑ ክቡ ጠርዝ የሰማይ፣ አራት ማዕዘኑ ቀዳዳ የምድር ምሳሌ ነው ይላሉ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ስም በመካከል ሲገባም ሰማይ፣ ምድርና ሰው በአንድነት ተሟሉ ማለት ነው። ይህ አተረጓጎም ከባዶ የመነጨ አይደለም። ሰማይ ክብ፣ ምድር ባለ አራት ማዕዘን ናት የሚለው አሳብ በጥንታዊት ቻይና የታወቀ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 ቻይናን በአንድ አገዛዝ ሥር ያዋለው ቺን ሺ ሁዋንግ ልዩ ልዩ ግዛቶች ይገለገሉባቸው የነበሩትን የአካፋና የቢላዋ ቅርጽ ያላቸውን ገንዘቦች አስቀርቶ ይህን ክብ ሳንቲም በመላው አገር ሲያጸና፣ አንድ ሰማይ፣ አንድ ምድር፣ አንድ ገዢ የሚለው መልእክት ለሥልጣኑ የተስማማ ነበር።

ይሁን እንጂ ቀዳዳው ሌላም ምክንያት አለው፤ ይህንንም ምክንያት የሚያስረዳው የእጅ ባለሙያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1637 የታተመው የሶንግ ዪንግሺንግ «ትየንጎንግ ካይዉ» የተባለው የዕደ ጥበባት መጽሐፍ የሳንቲምን አሠራር ደረጃ በደረጃ ይገልጻል። በእንጨት ክፈፍ ውስጥ ደቃቅ አፈርና የከሰል ዱቄት ይጠቀጠቃል። «እናት ሳንቲም» የሚባሉት ናሙናዎች በላዩ ተደርድረው ቅርጻቸው ይታተማል። ሌላ ክፈፍ ከላይ ይገጠምና የቀለጠው ማዕድን በመሀል ቦይ ገብቶ ወደየጎኑ ይከፋፈላል። ሲቀዘቅዝ የሚወጣው ነገር ቅርንጫፎቹ ሳንቲም ያፈሩ ዛፍ ይመስላል። ሳንቲሞቹ ከዛፉ ላይ አንድ በአንድ ይለቀማሉ፤ ከዚያም በመቶ የሚቆጠሩት በአንድ የቀርከሃ ወይም የእንጨት ዘንግ ላይ ተሰክተው ጠርዛቸው በአንድነት ይሞረዳል። ቀዳዳው ክብ ቢሆን ኖሮ ሳንቲሙ በሞረዱ ግፊት በዘንጉ ላይ በተሽከረከረ ነበር፤ ማዕዘን ስላለው ግን ጸንቶ ይቆማል። ስለዚህ የምድር ምሳሌ የተባለው ቀዳዳ ለሞረደኛው የሥራ መያዣ፣ ለነጋዴውም የክር ማስገቢያ ነበር። አንድ ሺህ ሳንቲም በክር ሲሰካ ጓን የተባለ አንድ የሒሳብ መለኪያ ይሆን ነበር።

በምሥራቃዊ ሃን ዘመን በሲቿን ግዛት ከተቀበሩ ሰዎች መቃብር ውስጥ ቅርንጫፎቻቸው ሳንቲም የተንጠለጠለባቸው የነሐስ ዛፎች ተገኝተዋል። ሀብታሙ ሟች በወዲያኛውም ዓለም ገንዘብ እንዳያጣ የተሠሩ ናቸው። ሁለቱን ዛፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ መመልከት አስተማሪ ነው። የማቅለጫው ዛፍ ሳንቲም የሚያፈራው በከሰል፣ በእሳትና በሰው ላብ ነው። የመቃብሩ ዛፍ ግን ያለ ሠራተኛ ያፈራል። ሥራው ተሰውሮ ፍሬው ብቻ ሲታይ አስማት ይወለዳል።

ሳንቲሙ የሠራተኛ ውጤት ብቻም አይደለም፤ የጽሕፈት ጥበብም ገበታ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ118 የተጀመረው ዉ ዡ የተባለው የሃን ሳንቲም ከሰባት መቶ ዓመታት በላይ ካገለገለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ621 የታንግ ሥርወ መንግሥት ካይዩዋን ቶንግባኦ የተባለውን አዲስ ሳንቲም አወጣ። በዚህ ሳንቲም ላይ ያሉትን ፊደላት የጻፈው በዘመኑ ከታወቁት የቁም ጽሕፈት ሊቃውንት አንዱ የነበረው ኦውያንግ ሹን ነው። ዐሥር ሳንቲሞች አንድ ሊያንግ ይመዝኑ ዘንድ ተወስኖ ነበርና የሚዛንና የጽሕፈት ሥርዓት በአንዲት ትንሽ ነሐስ ላይ ተገናኙ። የሶንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ታይዞንግ እ.ኤ.አ. ከ990 እስከ 994 በቆየው የቹንኋ ዘመን ለወጣው ሳንቲም ጽሑፉን በሦስት የተለያዩ የአጻጻፍ ስልቶች ራሱ ጽፏል። ከእርሱ በኋላ የነገሠው ሁዌይዞንግም «ቀጭን ወርቅ» በተባለው የራሱ ስልት የዳጓን ቶንግባኦን ፊደላት አስውቧል። በሰሜናዊ ሶንግ ዘመን፣ በ1080 ገደማ፣ የመንግሥት ማቅለጫዎች በዓመት ከ5 ሚሊዮን ክር በላይ ሳንቲም ያወጡ ነበር። ብራና ወይም ሐር ገዝቶ የሊቅ ጽሕፈት ማየት የማይችለው ገበሬ የሊቁን እጅ ጽሕፈት በመዳፉ ይዞ ወደ ገበያ ይሄድ ነበር ማለት ነው። የኪነ ጥበብ ታሪክ እንዲህ ያለ ሰፊ ሥርጭት ያገኘ የጽሕፈት ሥራ ብዙ አያውቅም።

ሁዌይዞንግ ግን ለሳንቲሙ ውበት እንጂ ለመንግሥቱ ገድ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1127 በጁርቼን ወራሪዎች ተማርኮ ወደ ሰሜን ተወሰደ፤ በምርኮም ሞተ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሳንቲሞች የእርሱን ጽሕፈት ተሸክመው ሳለ አንዳቸውም አላዳኑትም።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት በግልጽ መቀመጥ ይኖርበታል። ለገበያ የተሠራ ሳንቲም አለ፤ ከመጀመሪያው ለገድ የተሠራም አለ። ሁለተኛው ያሸንግ ቺየን ይባላል፤ ክፉን ተጭኖ የሚያሸንፍ ሳንቲም እንደ ማለት ነው። አጀማመሩ ወደ ሃን ዘመን ይመለሳል። በላዩ የሚጻፈው የንጉሥ ስም ሳይሆን ምኞት ነው፤ ረጅም ዕድሜና ሀብት፣ በሰማይ ሥር ሰላም ይሁን፣ አምስቱ ወንዶች ልጆች የመንግሥቱን ፈተና ይለፉ የሚሉት ይገኙበታል። ከጽሑፉ ጋር የሌሊት ወፍ፣ ዓሣ፣ አጋዘን ይቀረጻሉ። ምክንያቱ በቋንቋው ውስጥ ነው። የሌሊት ወፍ ስም ከበረከት ጋር፣ የዓሣ ስም ከትርፍ ጋር፣ የአጋዘን ስም ከሹመት ደመወዝ ጋር ድምፀ ሞክሼ ነው። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ይህ እንግዳ ጥበብ አይደለም። ሥዕሉ ሰሙ፣ ምኞቱ ወርቁ ነው።

ይህ የሕዝብ ጥበብ እንጂ በጅምላ አጉል እምነት ተብሎ የሚጣል ነገር አይደለም። ስሙ ያልተመዘገበው ቀራጭ የሕዝቡን ጭንቀት በትክክል መዝግቦታል። ለሕፃን አንገት በቁልፍ ቅርጽ የተሠራው የገድ ጌጥ ልጁን በሕይወት ላይ ለመቆለፍ የታሰበ ነው፤ ብዙ ሕፃናት ከመዳሃቸው በፊት በሚሞቱበት ዘመን እናት የምታስበው ይህንኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 የታተመው የፉቻ ዱንቾንግ የቤጂንግ በዓላት መጽሐፍ፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሳንቲሞች በባለ ቀለም ክር ተሰክተውና በዘንዶ መልክ ተጎንጉነው ከአልጋ እግር ዘንድ ይቀመጡ እንደ ነበር ይገልጻል። ቤት ሲሠራም በጣሪያው ዋና ወራጅ ላይ ሳንቲም ማሰር የተለመደ ነበር። በእነዚህ ልማዶች ውስጥ ሳንቲሙ ለልጅ የሚሰጥ ስጦታ፣ ለአናጢው ድካም መታሰቢያ፣ የጎረቤት ደስታ መግለጫም ነበር። ሰው ከሰው ጋር የተገናኘበት ነበር።

የመንግሥት ገንዘብ ወደ ጌጥና ወደ ምኞት መለወጡ ለኢትዮጵያ አንባቢም የታወቀ ነገር ነው። 1780 የሚለውን ዓመት የያዘችው የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር በገበያ ከመዘዋወሯም በላይ በአንጥረኛ እጅ ቀልጣ መስቀልና ድሪ ሆናለች፤ ጆሮ ተበጅቶላትም በአንገት ታስራለች። ሕዝብ ከውጭ የመጣለትን ወይም ከላይ የወረደለትን ገንዘብ ተቀብሎ የራሱን መልክ ይሰጠዋል። ይህ የፈጠራ ችሎታ ነው፤ ሂሱም በዚህ ላይ አይደለም።

ሂሱ የሚያነጣጥረው ይህን የሕዝብ ጥበብ ከሥሩ ነቅሎ ወደ ትእዛዝና ወደ ሸቀጥ በለወጠው አሠራር ላይ ነው። ፌንግ ሹይ በመነሻው በአብዛኛው የመቃብር ቦታ መምረጫ ነበር። ከ276 እስከ 324 በኖረው በጉዎ ፑ ስም የሚጠራው «የቀብር መጽሐፍ» ስለ ሟቾች ማረፊያ የሚናገር ነው። በትክክለኛው ኮረብታ ሥር የተቀበረ አባት ልጆቹን ያበለጽጋል የሚለው አሳብ ኮረብታ ለመምረጥ የሚያስችል መሬት ላለው ሰው የሚመች ነው። ጭሰኛው በተገኘው ስፍራ ይቀበራል። ባለጸጋው መሬቱንና ሹመቱን በምን መንገድ እንዳገኘ ሲጠየቅም የአያቱን መቃብር ያሳያል። በዚህ አኳኋን ትምህርቱ የሀብትን ምንጭ ከሰው ልጆች ግንኙነት አውጥቶ ወደ ነፋስና ወደ ውሃ አዛወረው።

ይህን ለመቃወም ቻይና የውጭ አስተማሪ አላስፈለጋትም። ጉዎ ፑ ከመወለዱ ሁለት መቶ ዓመታት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ27 የተወለደው ዋንግ ቾንግ «ሉን ሄንግ» በተባለው መጽሐፉ የቤት ጥንቆላን በስሙ ጠርቶ ሞግቶታል። በዘመኑ የነበሩ አዋቂዎች የባለቤቱ ስም ድምፅ ከቤቱ አቀማመጥ ጋር ካልተስማማ በሽታና ሞት ይመጣል ይሉ ነበር። ዋንግ ቾንግም የሰው ቤት ከወፍ ጎጆና ከአውሬ ዋሻ በምን ይለያል፣ ቤት ገድ ካለው ጎጆና ዋሻስ ለምን አይኖራቸውም ሲል ይጠይቃል። ጥያቄው ቀላል ነው፤ መልሱ ግን ከሺህ ዘጠኝ መቶ ዓመታት በኋላም ከሻጮቹ አልተገኘም።

ዛሬ ከሁሉ ይልቅ የሚሸጠው «የአምስቱ ነገሥታት ሳንቲም» የተባለው ነው። አምስቱ የቺንግ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት ሹንዢ፣ ካንግሺ፣ ዮንግዠንግ፣ ቺየንሎንግና ጂያቺንግ ሲሆኑ ዘመናቸው ከ1644 እስከ 1820 ይደርሳል። የሻጩ ቃል እነዚህ ብርቱና ባለጸጋ ነገሥታት ነበሩና ኃይላቸው በሳንቲሞቻቸው አድሮ ቤቱን ይጠብቃል የሚል ነው። ሳንቲሞቹ በታሪክ ዓይን ሲነበቡ ግን ምስክርነታቸው ይለወጣል። በሽታን ይከላከላል የሚባለው የመጀመሪያው ሳንቲም የሹንዢን ስም ይዟል፤ ሹንዢ ሃያ ሦስት ዓመት ሳይሞላው እ.ኤ.አ. በ1661 በፈንጣጣ የሞተ ንጉሥ ነው። የመጨረሻው የጂያቺንግ ሳንቲም ነው፤ ጂያቺንግ በነገሠበት በ1796 የነጭ ሎተስ የገበሬዎች ዐመፅ ፈንድቶ እስከ 1804 ዘለቀ። የቺየንሎንግ ዘመን ሀብት የት እንደ ገባ ለማወቅም የሄሸንን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ሄሸን የንጉሡ ባለሟል ሆኖ እጅግ የበዛ ሀብት በምዝበራ ካካበተ በኋላ፣ ጌታው በሞተበት በ1799 ተይዞ ራሱን እንዲያጠፋ የተፈረደበት ሹም ነው። ያን ሀብት የሰበሰበው ሳንቲም ከበሩ ጀርባ ሰቅሎ እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

የሳንቲሙን ሥጋ የመረመረም ሌላ ታሪክ ያገኛል። ከ1740 ጀምሮ የቺየንሎንግ ሳንቲም በሕግ የተወሰነለት ቅይጥ 50 ከመቶ መዳብ፣ 41.5 ከመቶ ዚንክ፣ 6.5 ከመቶ እርሳስና 2 ከመቶ ቆርቆሮ ነበር። መዳቡ በአብዛኛው ከዩናን ተራሮች ተቆፍሮ፣ በያንግትዜ ወንዝና በታላቁ ቦይ ወራት የሚፈጅ ጉዞ ተጉዞ ቤጂንግ ይደርስ ነበር። በሳንቲሙ ጀርባ ያሉት የማንቹ ፊደላት ያወጣውን ማቅለጫ ይናገራሉ። ከእነዚህ አንዱ፣ ባኦ ቹዋን የተባለው የቤጂንግ ማቅለጫ፣ ሠራተኞቹ እ.ኤ.አ. በ1741 በደመወዝ ጉዳይ ምድጃቸውን አጥፍተው ሥራ ያቆሙበት ነው። ሀብት ጠሪ ተብሎ የሚሸጠውን ሳንቲም ያቀለጡት እጆች የራሳቸውን ደመወዝ ለማግኘት መታገል ነበረባቸው። ገድ ፈላጊው የንጉሡን ስም ያያል፤ በጀርባው ያለውን የሠራተኛውን አድራሻ ግን አያይም።

ሳንቲምን በመኖሪያ ቤት ውስጥ እንዴት ማንበብ እንደሚገባ ከማንኛውም ድርሰት የበለጠ ያሳየው የቻይና መድረክ ነው። «ዐሥራ አምስት ክር ሳንቲም» የተባለው የኩንቹ ስልት ተውኔት በአሥራ ሰባተኛው ምዕተ ዓመት ደራሲው ዡ ሱቸን የተጻፈ ነው። ዮው ሁሉ የተባለ ሥጋ ሻጭ ዐሥራ አምስት ክር ሳንቲም ተበድሮ ቤቱ ይመጣል። በስካር ቀልድ ለእንጀራ ልጁ ለሱ ሹጁዋን ገንዘቡ እርስዋ የተሸጠችበት ዋጋ መሆኑን ይነግራታል። ልጅቱ ደንግጣ በሌሊት ትሸሻለች። ሎው አሹ የተባለው ቁማርተኛ ገብቶ ሰውየውን ገድሎ ገንዘቡን ይወስዳል። ልጅቱ ደግሞ በመንገድ የምታገኘው መንገደኛ፣ ሽዮንግ ዮውላን፣ በአጋጣሚ የጌታውን ዐሥራ አምስት ክር ሳንቲም ተሸክሟል። የወረዳው ዳኛ ቁጥሩ መግጠሙን አይቶ ሁለቱንም በሞት ይቀጣል።

ሞቱን የሚያስፈጽመው ሹም ኩዋንግ ዦንግ ግን ይጠራጠራል። ወደ ሟቹ ቤት ሄዶ ወለሉን ይመረምራል፤ ወድቀው የተበታተኑ ሳንቲሞችና ለማጭበርበር በእርሳስ የተሞላ የቁማር ዛራ ያገኛል። ከዕዳ ወደ ዕዳ በሚኖር የድኻ ቤት ይህን ያህል ሳንቲም ሳይለቀም አይቀርም፤ ስለዚህ ሳንቲሞቹ የሌባውን መንገድ ይጠቁማሉ። ቀጥሎም ኩዋንግ ዦንግ ጠንቋይ መስሎ ወደ ሎው አሹ ይቀርባል፤ ነፍሰ ገዳዩም በራሱ ስም ውስጥ ያለውን «አይጥ» የሚለውን ፊደል እንዲገለጥለት ያቀርባል። ሹሙ የሚነግረውን ሁሉ ቀድሞ በምርመራ ያወቀው ነው፤ ፈሪው ግን ከሰማይ የመጣ ይመስለዋል። ተመልካቹ በአንድ ትርኢት የጥንቆላን የውስጥ አሠራር ያያል። ጠንቋዩ የሚያውቀው ሰውየው የገለጠለትን ወይም ሌላ ሰው የነገረውን ነው።

የሁለቱ ዳኞች ልዩነት የዚህ ሂስ ልዩነት ነው። የመጀመሪያው ዳኛ ቁጥሩን እንደ ገድ ቆጠረው፤ ዐሥራ አምስት ከዐሥራ አምስት ጋር ስለ ገጠመ ምርመራ አላስፈለገውም። ሁለተኛው ሳንቲሙን እንደ ማስረጃ አነበበው፤ ከየት መጣ፣ በማን እጅ አለፈ፣ ለምን እዚህ ወደቀ ብሎ ጠየቀ። ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1956 በዠጂያንግ ቡድን ታድሶ፣ ዦው ቹዋንዪንግ ኩዋንግ ዦንግን፣ ዋንግ ቹዋንሶንግ ሎው አሹን ሆነው በቤጂንግ ሲያሳዩት የተገኘው አድናቆት ሊጠፋ የተቃረበውን የኩንቹን ስልት አዳነው፤ በግንቦት ወር የወጣው የ«ሕዝብ ዕለታዊ» ጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽም ይህንኑ መሰከረ። ኩንቹ በ2001 በዩኔስኮ ከሰው ልጅ የቃልና የማይዳሰሱ ቅርሶች አንዱ ሆኖ ታውጇል።

ሉ ሹንም በ1919 ባሳተመው «ኮንግ ዪጂ» በተባለው አጭር ልቦለድ ሳንቲሙን በድኻ መዳፍ ላይ አስቀምጦ አሳይቷል። ፈተና ማለፍ ያልቻለው ምስኪን ምሁር በመጠጥ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ዘጠኝ ሳንቲም ይደረድራል፤ በመጨረሻ ከዓለም ሲጠፋ ከስሙ ጋር የሚቀረው ዐሥራ ዘጠኝ ሳንቲም ዕዳ ነው። የገድ ሳንቲም «አምስቱ ልጆች ፈተና ይለፉ» ይላል፤ የሉ ሹን ሳንቲም ያላለፈው ሰው ምን እንደ ሆነ ይናገራል። ሁለቱ የአንድ ኅብረተሰብ ፊትና ጀርባ ናቸው።

እንግዲህ አጉል እምነትን በምን መንገድ መታገል ይገባል? ታሪክ ሁለት የተሳሳቱ መንገዶችን መዝግቧል። የመጀመሪያው ማቅለጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ955 የኋለኛው ጆው ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ሺዞንግ ብዙ የቡድሃ ገዳማትን ዘግቶ የነሐስ ምስሎቻቸውን አቅልጦ ጆውዩዋን ቶንግባኦ የተባለ ሳንቲም አወጣ። ውጤቱ ያልታሰበ ሆነ። ሕዝቡ ሳንቲሙ ከቡድሃ አካል የተሠራ ነው ብሎ ለወባና ለምጥ መድኃኒት አደረገው። ምስልን ለማጥፋት የወጣው ሳንቲም ራሱ ተአምር ሠሪ ተባለ። ከሺህ ዓመታት በኋላ፣ በ1966፣ «አራቱን አሮጌዎች» ለማጥፋት በተነሣው ዘመቻ የቀይ ዘብ ወጣቶች በየቤቱ እየገቡ የቆዩ መጻሕፍትን፣ ምስሎችንና ጌጣጌጦችን አወደሙ። ያው ዘመቻ የጥንቱን ተውኔት ከመድረክ ሲያባርር ጥንቆላን በሳቅ ያጋለጠውን ኩንቹንም ዝም አሰኘው። ፌንግ ሹይ ግን አልጠፋም፤ ተደብቆ ቆየና ገበያ ሲከፈት ተመልሶ መጣ። የወባ መድኃኒት በሌለበት አገር የወባ ሳንቲም ማቅለጥ ሕመሙን አያቀልጥም።

ሁለተኛው የተሳሳተ መንገድ መሸጥ ነው። የዛሬው ነጋዴ ልማዱን ያከበረ ይመስላል፤ የሚሸጠው ግን በአብዛኛው ትናንት በፋብሪካ ተሠርቶ እንዲያረጅ በአሲድ የታጠበ ነው። ፊደሉ የሊቅ እጅ የለበትም፣ ጠርዙ ሞረድ አልነካውም፣ በማንም ገበያ አላለፈም። አሮጌው የገድ ሳንቲም ቢያንስ ከእናት ለልጅ፣ ከጎረቤት ለጎረቤት የሚሰጥ ነበር። አዲሱ የሚገዛው ለራስ ነው፤ የሚሰቀለውም ለራስ ነው። ሥራ ያጣ፣ ልጁ የታመመበት፣ ንግዱ የተዳከመበት ሰው ጭንቀቱን ከባልንጀሮቹ ጋር ሊመክርበት ሲገባ ከበሩ ጀርባ አንጠልጥሎ ብቻውን ይጠብቃል። የአጉል እምነት ዋናው ጉዳት ለክሩ የተከፈለው ገንዘብ ሳይሆን ይህ መጠበቅ ነው።

ከማቅለጥና ከመሸጥ ሌላ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ማንበብ ነው። መምህሩ ሳንቲሙን በክፍል ውስጥ በእጅ አስይዞ ስለ ማዕድን፣ ስለ ጽሕፈት፣ ስለ ንግድና ስለ ሥልጣን ሊያስተምርበት ይችላል። ሠዓሊውና ቀራጩ ከሌሊት ወፉና ከዓሣው የሕዝብ ምኞት በጥቂት መስመር እንዴት እንደሚገለጽ ይማራሉ። የተውኔት ባለሙያው ጥንቆላን በዐዋጅ ሳይሆን በሳቅና በማስረጃ መርታት እንደሚቻል ከኩዋንግ ዦንግ ያያል። ካድሬውም ቢሆን በአንድ ቤት በር ላይ ክታብ ወይም ሳንቲም ተሰቅሎ ሲያይ አውርዶ ከመጣሉ በፊት የቤቱ ሰዎች ምን እንደሚፈሩ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ፍርሃቱ ሳይወገድ የወረደ ሳንቲም በማግሥቱ ተመልሶ ይሰቀላልና።

ሳንቲሙ የሚዘዋወር ሀብት ነኝ ብሎ በግንባሩ ጽፏል። ከግድግዳ ወርዶ በመዳፍ ላይ ሲያርፍ፣ ፊቱና ጀርባው በተራ ሲገለበጥ፣ የጻፈው ሊቅ፣ ያቀለጠው ሠራተኛ፣ የተበደረው ድኻ ሁሉም ይናገራሉ። ለሚያነበው ሰው የሚሰጠው ሀብትም ይኸው እውቀት ነው።